ጋሽ ደምሰው ችሎት ላይ ነው

ቲቸር ጽጌ ጠዋት ደውለው «ዛሬ ጌም ቤቱን አትክፈት» አሉኝ። ያን ሰዓት የካ አባዶ የሚኒባስ ሰልፍ ላይ ቆሜያለሁ። ሰልፉ ከመርዘሙ የተነሳ ጫፉን ፍለጋ ወደፊት ብራመድ ኮተቤ ሥራ ቦታዬ በእግሬ እገባ ነበር።

«ምነው ቲቸር፣ መብራት ጠፋ እንዴ?»

«መብራትማ አለ። ሰውዬው ነው የሌለው።»

ሰውዬው የሚሉት ታላቅ ወንድማቸውን ነው፤ ጋሽ ደምሰውን። ከአንድ ቀን በቀር በስሙ ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም። «ማታ ደህና ተኝቶ ጠዋት አልነቃም» አሉ። ዝም ማለት ስለማልችልበት «ሳይሰናበተን?» አልኳቸው።

«እሱ መቼ ተሰናብቶ ያውቃል» ብለው ስልኩን ዘጉት። ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ «ወንድሜ፣ ሰልፉ ሄደ እኮ» ስትለኝ ነው ቆሜ መቅረቴን ያወቅኩት።

ድንኳን ውስጥ አንድ የዕድር ሰው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና «አንተ ጨዋታ አዋቂ ነህ፤ ስለ ጋሽ ደምሰው ሁለት ቃል በል» አለኝ። ጨዋታ አዋቂ መባሉን ወድጄዋለሁ። ግን ያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ቆሜ ምን ልበል? «ሟች በሕይወት ዘመናቸው አንድ የመርከብ ወጥ ሠሪ ከስቅላት አድነዋል» ልበል? የንፍሮ ሳህን ነው የሚወረወርብኝ። ስለዚህ አፌን ያዝኩ። እዚህ ሳህን የሚወረውር ስለሌለ ግን ልናገር።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ፤ ቶሎ እጨርሳለሁ። ኮተቤ መንገድ ዳር፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን፣ ጌም ቤት አለኝ። ፀጉሬ ወደ ኋላ ያፈገፈገ፣ ሆዴ ወደ ፊት የገሰገሰ ጎልማሳ ነኝ። እንግዳ መጥቶ «ባለቤትሽ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቅ ሚስቴ ፈጠን ብላ «የኤሌክትሮኒክስ ንግድ ላይ ነው» ትላለች። የኤሌክትሮኒክስ ንግዴ ጥቂት አሮጌ ቴሌቪዥኖች፣ ጣት ያለሰለሳቸው ጆይስቲኮችና የፕላስቲክ ወንበሮች ናቸው። ደንበኞቼ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲሆኑ ከኳስ ሌላ ነገር አይጫወቱም። እኔንም ከገጠሙኝ ሳይራሩ ጎል ያገቡብኛል።

ጋሽ ደምሰው የመጣ ቀን ዝናብ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱ እንደ መስቀያ ላይ የተንጠለጠለበት ሽማግሌ፣ ፋይሉን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ስር ይዞ በሬ ላይ ተጠለለ። በመልክ አውቀው ነበር። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ። ጡረታ ሲወጣ ደግሞ ሌላ የማያልቅ ዳገት ጀመረ፤ እህቱን ከሰሰ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታቸው ሲሞቱ አንድ ያረጀ የጭቃ ቤትና ግቢ ትተው ሄዱ። ቲቸር ጽጌ ዋናው ቤት ውስጥ ይኖራሉ፤ ጋሽ ደምሰው ጓሮ ካለው ሰርቪስ ውስጥ። አንድ ቀን ጋሽ ደምሰው ከገበያ ሲመለስ መሃል ግቢው ላይ የቆርቆሮ አጥር ቆሞ አገኘ። በነጋታው ክስ መሠረተ። ሽማግሌ ተልኮ ነበር፤ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ «ትክክሉ እሱ ነው፣ እሷ ናት» ሲባባሉ ተጣልተው እስከ ዛሬ ሰላም አይባባሉም። በመጨረሻ ዳኛው «በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልተስማማችሁ ቤቱ በሐራጅ ይሸጥና ገንዘቡን ትካፈላላችሁ» አሉ። በሐራጅ የሚገዛ ሰው ደግሞ የጭቃ ቤት ሊጠግን አይገዛም፤ አፍርሶ ፎቅ ሊሠራ ነው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ። ሁለቱም አይፈልጉም። እሱን ብትጠይቀው «እሷ ትተው» ይላል፤ እሳቸውን ብትጠይቅ «እሱ ይተው»።

እና ያን ዕለት ጋሽ ደምሰው በሬ ላይ ቆሞ ሲያየኝ እኔ ከአሮጌ ሲዲዎች ጋር ተደርቦ የመጣ አንድ ጌም እየሞከርኩ ነበር። አንዲት መነጽራም ወጣት ጠበቃ በግፍ የተከሰሱ ሰዎችን የምታስፈታበት ጨዋታ ነው፤ ምስክር ትጠይቃለህ፣ ውሸቱን ትይዛለህ፣ ማስረጃ ታቀርባለህ። ቴሌቪዥኑ ላይ ፂማም ዳኛ ብቅ አለ። ጋሽ ደምሰው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይሄ የት ፍርድ ቤት ነው?»

«ጌም ነው ጋሼ። ይግቡ፣ ይቀመጡ፤ እርስዎም...»

«እርስዎ አትበለኝ። እርስዎ የሚለኝ ፍርድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ካለኝ በኋላ ቀጠሮ ነው የሚሰጠኝ።» ተቀመጠ። «ዛሬ ደግሞ ዳኛ አልተሟላም ተብለን ተመለስን። እዚህ ግን ተሟልቷል። ክሱ መቼ ነው የተከፈተው?»

«ትናንት።»

«ፍርዱስ?»

«ነገ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ የምቀልድበት መስሎት። ከዚያ በእርጋታ «እዚያ አገር በምን ነው የሚገባው?» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌም ቤቴ ፍርድ ቤት ሆነ። ጋሽ ደምሰው ትልቁን ቴሌቪዥን ያዘ። ደንብም አወጣ። ዳኛው ብቅ ሲል ሁሉም ከመቀመጫው ይነሳል፤ ኳስ ተጫዋቾቹ ጭምር። አንዱ ተማሪ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል «ተነሳ» ተባለና ቆሞ መታ፤ ኳሷ ቋሚ ላይ አረፈች። «ጋሼ፣ በአንተ ነው» ቢለው «ችሎት ደፍረህ ጎል አይገባም» አለው። ሳምቡሳ መብላት ክልክል ነው። ስልክ ይጠፋል፤ የሱ ስልክ መጀመሪያ። ደንበኛ እንዳይሸሽብኝ ፈርቼ ነበር፤ ልጆቹ ግን እሱን ለማየት ጓደኛ ይዘው መምጣት ጀመሩ።

አጨዋወቱ የሹፌር ነው። ማስረጃ ከማቅረቡ በፊት በግራ ትከሻው በኩል ወደ ኋላ ዞር ብሎ ያያል፤ ስፖኪዮ እንደሚያይ፤ የሚቀድም መኪና እንዳለ። ከዚያ በተኑን በአውራ ጣቱ እንደ ክላክስ ይጫነዋል፤ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እቃወማለሁ»። ተናድጄ ስቸኩል ካየኝ ደግሞ «ቁልቁለት ላይ ማርሽ እንጂ ፍሬን አትመን» ይለኛል። እኔ መኪና የለኝም። ቢሆንም እስከ ዛሬ ሚስቴ ስትቆጣኝ ይቺን ነገር አስብና ማርሽ እቀንሳለሁ።

እንግሊዝኛው ለሱ አይነበብለትም። ስለዚህ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ፤ ስሜም ተረስቶ «አስተርጓሚ» ተባልኩ። የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ጨዋታ ሲጀመርና ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ ላይ ከሚጻፈው ብዙም አያልፍም። ምስክሩ ተነስቶ ገጽ ሙሉ ይናገራል፤ እኔ ላቤ እየወረደ አነባለሁ፤ ከዚያ «አላየሁም ነው የሚለው» እላለሁ።

«ይሄን ሁሉ አውርቶ አላየሁም ብቻ ነው ያለው?»

«አዎ ጋሼ።»

«በቃ እውነተኛ ምስክር ነው። የኛዎቹም እንዲሁ ናቸው።»

አንድ የማይለቀው ጥያቄ ነበረው። ውሸታሙ ምስክር ተይዞ፣ ላብ አጥምቆት፣ ጠረጴዛ ላይ ሲደፋ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ጋሽ ደምሰው ግን ወደኔ ዞሮ «ልጆች አሉት?» ይላል።

«አልተጻፈም ጋሼ።»

«ጠይቅልኝ።»

«መጠየቂያ በተን የለውም።»

«ልጆች ይኖሩታል» ይላል ለራሱ። ለደቂቃ ያህል ጆይስቲኩን አያነሳም።

ደንበኛችን አንዲት የሆቴል ልብስ አጣቢ የነበረች ጊዜ፣ የአንድ ሀብታም እንግዳ ሐብል ሰርቀሻል ተብላ፣ በኔ ትርጉም የተነሳ በተደጋጋሚ ተፈረደባት። ጋሽ ደምሰው በመጨረሻ ጆይስቲኩን ወንበር ላይ አስቀመጠና ተነስቶ ቆመ። «እንጦጦ ራጉኤል፣ ይቺን ምስኪን ሴት ነፃ ካወጣህልኝ ጃንጥላ አገባለሁ» አለ። እኔ ሳቅሁ። ተቀምጦ እንደገና ሲሞክር ሴትዮዋ ነፃ ወጣች።

እሁድ ጠዋት በር ላይ ጠበቀኝ፤ ዘርፍ ያለው አዲስ የቤተክርስቲያን ጃንጥላ ይዞ። «ተነስ፤ አስተርጓሚ ሳይኖር ስለት አይገባም።» ዳገቱን በእግር ካልወጣሁ አለ። «ስለት በታክሲ አይሄድም።» እኔ ባሕር ዛፉን በየተራ እያቀፍኩ፣ እሱ ደግሞ በየኩርባው እየቆመ «እዚህ ጋ ሁለተኛ ማርሽ ነው፤ እዚህ ጋ የጭነት መኪና ሲመጣ ጥግ ትይዛለህ» እያለ ወጣን። ትንፋሼ ሲቆራረጥ ሲሰማ ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ያንተስ ሞተሩ ደህና ነው፤ ጭነቱ ነው ያስቸገረው» አለኝ።

ደረስን። ስለት የሚቀበሉት አባት ጃንጥላውን ተቀብለው «የማን ስለት ነው?» አሉ።

«የአንዲት ልብስ አጣቢ።»

«ስመ ክርስትናዋ?»

ጋሽ ደምሰው እኔን አየ። እኔ ባሕር ዛፉን አየሁ።

«ክርስትና መነሳቷን እንጃ፣ አባቴ» አለ። «ንጹሕ መሆኗን ግን አስመስክሬያለሁ።»

«ታስራ ነበር?»

«ተፈታች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባ፣ ከልባቸው። ጋሽ ደምሰውም ከልቡ «አሜን» አለ። ስንወርድ ስስቅ አየኝና አልተቆጣም። «ምን ያስቅሃል? የኔንም ጉዳይ ተስዬ ነበር። ግን የኔ ይፈረድልኝ ብዬ ስሳል እሷ ላይ ነው የሚሆነው። ይሄ ግን ማንንም አይጎዳም» አለኝ። ያን ጊዜ ነው ሳቄ የቆመው።

ኮተቤ ወሬ አያድርባትም። «ጋሽ ደምሰው ለጌም ስለት አገባ» የሚለው ነገር ቲቸር ጽጌ ጆሮ ገባ። ቲቸር ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። ጴንጤ ከሆኑ ቆይተዋል፤ ስለት የሚባል ነገር ሲሰሙ ድሮም ደማቸው ይፈላል፤ ለቴሌቪዥን ሲሆንማ አስቡት። መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው በሬ ላይ ሲቆሙ ልጆቹ ሳይታዘዙ ተነሱ። ኮተቤ ውስጥ ቲቸር ጽጌ ያላስተማሩት ሰው ጥቂት ነው።

«ሰውዬው ለጌም ስለት ማግባቱ እውነት ነው?» ብለው እኔን ጠየቁኝ፤ ሰውዬው አጠገቤ ተቀምጧል። «ፍርድ ቤት ይጠቅመኛል። አእምሮው ጤነኛ አለመሆኑን ዳኛው ቢያውቁት ጥሩ ነው።»

ጋሽ ደምሰው ዞር አላለም። «አስተርጓሚ፣ ለሴትዮዋ ችሎት ላይ መሆናችንን ንገራት። ስልኳንም ታጥፋ።»

ይኸው በመሃል ተያዝኩ። በዚያው ሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ ምስክር ቆሟል። የመጨረሻውን ክስ ጀምረናል። አንድ የመርከብ ወጥ ሠሪ ካፒቴኑን በቢላዋ ገድሏል ተብሎ ተከሷል፤ ከተፈረደበት ይሰቀላል። ምስክሩ ተሳፋሪ ብዙ ተናገረ። እኔም እንደ ልማዴ «አላየሁም ነው የሚለው» አልኩ።

«ምን?» አሉ ቲቸር። መነጽራቸውን አደረጉ። ቴሌቪዥኑን አነበቡ፣ እኔን አዩኝ፣ እንደገና አነበቡ። «እሱ ያለው 'ከምሽት ጀምሮ ከክፍሌ አልወጣሁም፣ ግን በመስኮት ወጥ ሠሪውን አይቼዋለሁ' ነው። ማን ነው እንግሊዝኛ ያስተማረህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ ቲቸር።»

«ጌታ ይቅር ይበለኝ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

በነጋታውም መጡ። «ለመረጃ ነው» አሉ። በሳልስቱም ለመረጃ መጡ። ከዚያ በኋላ ምክንያት መስጠቱን ተዉት። አቀማመጣቸው እንዲህ ነው፤ እሱ በቀኜ፣ እሳቸው በግራዬ፣ እኔ መሃል እንደዚያ አጥር። ንግግሩ በሙሉ በኔ ላይ ያልፋል።

«ቢላዋው የወጥ ቤት አለመሆኑን ለሰውዬው ንገረው።»

«ሰምቻለሁ፣ ጆሮ አለኝ። ቢላዋ ከኔ በላይ ታውቃለች ወይ ብለህ ጠይቃት።»

«ሽንኩርት ከትፎ የማያውቅ ሰው ስለ ቢላዋ ምን ያውቃል በለው።»

«ለሱም ቢላዋ ብትሰጠኝ አይደል በላት። የእማዬን ዕቃ ስንካፈል የደረሰኝ አንድ ጭልፋ ነው።»

እኔ መጀመሪያ በታማኝነት አደርስ ነበር። በኋላ ግን ደከመኝና ጭንቅላቴን ብቻ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማዞር ጀመርኩ። ማታ ቤት ስገባ አንገቴን ቫዝሊን የምትቀባኝ ሚስቴ «ኤሌክትሮኒክስ ንግድ እንዲህ አንገት ያሳምማል?» ትለኛለች።

ነገር ግን ክሱ ተንቀሳቀሰ። ቲቸር ቁርጥ አድርገው ያነባሉ፣ ጋሽ ደምሰው ውሸት ያሸታል። ዕድሜውን ሙሉ «ትኬቴ ጠፋብኝ» የሚሉ ተሳፋሪዎችን ሲሰማ ስለኖረ፣ ሰው ሲዋሽ መጀመሪያ የሚለውጠው ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው ይላል። እንዲህ እንዲህ እያልን የጌሙ የመጨረሻ ቀን ላይ ደረስን፤ የነሱም ቀጠሮ ነገ ሆነ። ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ዳኛው ይጠይቃሉ፤ ተስማምታችኋል? አልተስማማንም ካሉ ሐራጅ።

ስለ ነገው ማንም ትንፍሽ አላለም። ያ ከክፍሌ አልወጣሁም ያለው ተሳፋሪ እንደገና ለምስክርነት ቆሟል። ከኋላው ግድግዳው ላይ ካፖርቱ ተሰቅሏል። ስንሳሳት ኖረን አንዲት ዕድል ብቻ ቀርታናለች፤ ይቺን ከሳትናት ወጥ ሠሪው ተሰቀለ። ጋሽ ደምሰው በግራ ትከሻው ዞር ብሎ አየ። ቢላዋውን መረጠ። አውራ ጣቱን አነሳ።

«አንተ ድንጋይ ራስ፣ ካፖርቱ ነው እንጂ! ውሃ ያንጠባጥባል፣ አይታይህም? ካልወጣ ምን አረጠበው?»

ቲቸር ናቸው። በኔ በኩል አይደለም ያሉት። በቀጥታ፣ ፊቱን እያዩ።

ኳሱ ቆመ። ጋሽ ደምሰው አውራ ጣቱ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«መቼ ጠየቅከኝ?»

«አንቺስ አጥሩን ስታቆሚ ጠየቅሽኝ?»

«ጠይቄሃለሁ። በእማዬ አርባ ዕለት፣ በሩ ላይ ቆመህ፣ 'ደሜ፣ ዶሮዎቼ ጓሮህን እየጫሩ አስቸገሩህ፣ አጥር ላርግበት?' ብዬ ጠይቄሃለሁ። 'እንዳሻሽ' አልከኝ።»

«እናቴን ቀብሬ ስለ ዶሮ ብትጠይቂኝ ምን ልበል?»

«እኔስ የማንን እናት ነበር የቀበርኩት?»

እኔ መሃላቸው ተቀምጬ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚቀለድ ነገር ጠፋኝ። ያ ሁሉ ዘመን፣ ያ ሁሉ ፋይል፣ ለዶሮ። ከኋላ አንዱ ተማሪ በቀስታ «ጋሼ፣ ካፖርቱን» አለ።

ጋሽ ደምሰው ካፖርቱን ተጫነ። ተሳፋሪው ላብ አጠመቀው፣ ተንተባተበ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ዳኛው መዶሻቸውን አነሱ። ልክ ያን ጊዜ መብራት ጠፋ።

ጋሽ ደምሰው ጥቁሩን ቴሌቪዥን ጥቂት አየውና «ቀጠሮ ሰጡን» አለ። ፋይሉን ብብቱ ስር አድርጎ ወጣ። ቲቸር ትንሽ ቆይተው በሌላ አቅጣጫ ወጡ። ቤታቸው አንድ ግቢ ነው።

በነጋታው የየካ አባዶ ሰልፍ አስረፈደኝ። ስደርስ ሁለቱም የተዘጋው በሬ ላይ ቆመዋል። ጎን ለጎን። እሱ ሙሉ ልብስ ከነከረቫቱ፣ ፋይሉን ይዞ፤ እሳቸው ሻርፕ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው። የፍርድ ቤት ልብሳቸው ነው።

«ሥራ በዚህ ሰዓት ነው የሚገባው?» አለኝ ጋሽ ደምሰው።

«ዛሬ እኮ...»

«ከሰዓት መብራት ይጠፋል ተብሏል። ክፈት። ያን ምስኪን ሰው አንገቱ ላይ ገመድ እንደገባ ትተነው አድረናል።»

«ከዚህ ፍርድ ቤት ሩቅ አይደለም» አሉ ቲቸር። «ቶሎ እንጨርሳለን።»

አልጨረስንም። መብራቱ ሲጠፋ ጌሙ ያለፈውን ስላላስቀመጠ ምስክሩን ከመጀመሪያው መስማት ነበረብን። ጋሽ ደምሰው ስልኩን አጠፋ። ቲቸር አነበቡ፤ እሱ ጠየቀ፤ አሁን እኔን ያየኝ ሰው የለም። «ይቺን ድገሚያት እስቲ» ይላል። «'ከምሽት ጀምሮ' ነው ያለው፣ ሰዓት አልጠቀሰም» ይላሉ። እኔ አስተርጓሚው ያለ ሥራ ተቀምጬ ሰዓት አያለሁ። ሦስት ተኩል ሆነ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ልንገራቸው? ብነግራቸው ሄደው ቤቱን ያሸጣሉ። ባልነግራቸው ነገ «አውቀህ ዝም አልከን» ይሉኛል።

አላስቻለኝም። «ጋሼ፣ ሰዓቱ...»

«ሹፌር ማናገር ክልክል ነው» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሳ።

ወደ ቲቸር ዞርኩ። ቲቸር የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። በደንብ አዩት። ከዚያ የሹራባቸውን እጅጌ ጎተት አድርገው ሰዓቱን ሸፈኑትና «ካፖርቱን አሁን አትንካ፤ መጀመሪያ ዝናቡን ጠይቀው» አሉት።

አራት ሰዓት አለፈ። ማንም ወደ በሩ አላየም።

ዳኛው መዶሻቸውን ሲያነሱ ሁላችንም ቆምን። ቲቸር እስከ መጨረሻው አነበቡ። «ተከሳሹ ነፃ ነው» አሉ። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ አንዱ አፏጨ። ጋሽ ደምሰው አላጨበጨበም፤ ተቀመጠ፣ ስልኩን ከፈተ። ወዲያው ጮኸ። ጆሮው ስለሚከብደው ሁሌም በስፒከር ነው የሚያወራው። የደወለው ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ነው።

«ጋሽ ደምሰው፣ የት ነው ያለኸው? ስምህ ተጠርቶ ተጠርቶ ጠፋህ እኮ። እሷም አልመጣች። ከሳሽም ተከሳሽም ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ ተዘጋ። አይዞህ፣ ማስከፈት ይቻላል። በቂ ምክንያት ብቻ ነው የምንፈልገው። አሞህ ነበር?»

«ደህና ነኝ።»

«ለቅሶ ነበረብህ?»

«የሞተ የለም። ሊሞት የነበረ አንድ ሰው ነበር፤ ተረፈ።»

«ታዲያ የት ነበር ብዬ ልጻፍ?»

ጋሽ ደምሰው እህቱን አየ። እሳቸው መነጽራቸውን በሻርፓቸው ጫፍ እየወለወሉ ነበር።

«ችሎት ላይ ነበር በል» አለ።

«የቱ ችሎት?»

«ኮተቤ። ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለው።»

«እሱን ልጻፍ?»

«ተወው፣ አትጻፍ። ምንም አትጻፍ።» ዘጋው።

ቴሌቪዥኑ ላይ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ ይወጣል። ጋሽ ደምሰው እስኪያልቅ አየው።

«ይግባኝ የለውም?» ብሎ ጠየቀ።

«የለውም» አሉ ቲቸር። «አልቋል።»

«እንግዲህ ምን ይሠራል?»

በሕይወቴ እንደዚያ ሥራ የፈታ ሰው አይቼ አላውቅም። እጁን የሚያደርግበት ጠፋው፤ ጉልበቱ ላይ አደረገው፣ አነሳው፣ እንደገና ጉልበቱ ላይ መለሰው። ቲቸር ቦርሳቸውን ከወንበሩ ላይ አነሱ።

«ምሳ ይበላላ። ሽሮ ሠርቻለሁ።»

«የት?»

«ቤት።»

«የማን ቤት?»

ልጆቹ ጆይስቲካቸውን አስቀመጡ። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ፤ ሆዴም ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውስጥ ገባ።

«እሱን ፍርድ ቤቱ አልወሰነም» አሉ ቲቸር ጽጌ። «ሽሮው ግን የኔ ነው።»

ጋሽ ደምሰው አሰበበት።

«ቃሪያ አለው?» አለና ተነሳ።